አረንጓዴዋን ጠርሙስ ይዤ ወደ ደማም

ከደማም ከተመለስኩ ሦስት ወር አለፈኝ። ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «ሙቀቱ እንዴት ነው?» እና «ወርቁ ይረክሳል?» እያለ ነው። ሙቀቱን እነግራችኋለሁ፤ ወርቅ ቤት ግን አልገባሁም። የሄድኩት አንዲት ጠርሙስ ይዤ ነው። የምጽፈውም ስለ እሷና እዚያ ሰው ቤት ስለምትሠራው ታናሽ እህቴ ስለ ስንዱ ነው።

መጀመሪያ ጠርሙሷን ላስተዋውቃችሁ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተምራለሁ፤ ሥራዬ በዓይን የማይታዩ ነገሮችን ማሳደግ ነው። ሰማያዊ-አረንጓዴ አልጌ የሚባሉትን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፤ ውኃ የሚንጠባጠብበት ድንጋይ ላይ ረግጣችሁት ያንሸራተታችሁ ያ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ነው። አልጌ ይባሉ እንጂ ባክቴሪያ ናቸው፤ ግን እንደ ቅጠል ከፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ይሠራሉ። እርጥበት ያለበት ቦታ ላይ ሻጋታና ሌላውም የፈንገስ ዘር ስለሚሻማቸው፣ አንዳንዶቹ ፈንገስ የሚገድል ኬሚካል ያመነጫሉ። እኔ የምፈልገው እሱን ነው። ለፈንገስ የሚሆን መድኃኒት ጥቂት ነው፤ ያንኑ ጥቂቱንም ፈንገሱ እየለመደው ነው።

የእኔዎቹን ያገኘኋቸው እናቴ አገር፣ አንድ ምንጭ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ነበር። ምንጩ በኋላ ለመንገድ ሥራ ተደፈነ። አምስት ጠርሙስ አሳድጌ ነበር፤ መብራት ለቀናት ሲጠፋ አራቱ ቡናማ እየሆኑ ሞቱብኝ። የቀረችኝ አንዲቷ ነበረች። እሷም ከሞተች የአራት ዓመት የዶክትሬት ልፋቴ አበቃለት ማለት ነው። ኮባር ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የምትመራመር ዶክተር ኑራ የምትባል ሴት «ማሽናችን ኬሚካሉን ነጥሎ ማንነቱን ይነግርሻል፤ ለአንድ ሳምንት ነይ» ብላ ስትጽፍልኝ፣ ጠርሙሷን በሹራብ ጠቅልዬ፣ ጥቂት የደረቀ የአልጌ ንጥርም በብልቃጥ ይዤ ተነሣሁ።

ማክሰኞ

አውሮፕላኑ ለሥራ በሚሄዱ ልጆች ተሞልቷል። አጠገቤ የተቀመጠችው የደብረ ታቦር ልጅ ቀበቶዋን አስሬላት ስጨርስ፣ «አንቺስ ማዳምሽ ጥሩ ናት?» አለችኝ። ማዳም የለኝም ብላት አላመነችኝም። ጭኔ ላይ ያለውን ጥቅል ገልጣ አየችና «ይሄ ደግሞ ምንድነው፣ ጠበል ነው?» አለች። የሳቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ደማም ስንወርድ የራሴን ሞኝነት ሠራሁ። ልጆቹ ሲሄዱ ተከትያቸው ሄድኩና፣ ካፊላቸውን፣ ማለትም ዋስ የሆናቸውን አሠሪ፣ የሚጠብቁ ሠራተኞች ከሚቀመጡበት ቦታ ተቀመጥኩ። ሰዓት የሚያህል ጊዜ እጄን አጣምሬ ጠበቅኩ። በመጨረሻ አንዲት ሴት መጥታ ማን እንደሚወስደኝ ስትጠይቀኝ «ዩኒቨርሲቲ» አልኳት፤ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት እጄን ይዛ አወጣችኝ። የደብረ ታቦሯ ልጅ ከተቀመጠችበት ሆና በእጇ ሰላም አለችኝ። ያቺ ልጅ እስካሁን ከልቤ አልወጣችም።

ፍተሻው ላይ አንድ ወጣት ጠርሙሷን ወደ መብራት አንሥቶ አገላበጣት፤ ከፍቶ አሸተታትና ፊቱን አጨማደደ። ናሙናውን ለማስገባት የያዝኩትን ፈቃድ በሁለት ቋንቋ አነበበው። «ሙሽኪላ?» አለኝ። ስንዱ በስልክ ካስተማረችኝ ዐረብኛ የማውቀው ያንን ነውና «ማፊ ሙሽኪላ» አልኩት፤ ችግር የለም ማለት ነው። ጓደኛውን ጠርቶ በዐረብኛዬ ሳቁና አሳለፈኝ።

በሩ ሲከፈት መነጽሬ በአንዴ በጉም ተሸፈነ። ሙቀቱ ይሄ ነው፤ ክዳኑ የተነሣ ድስት ላይ እንደ መጎንበስ ነው። መነጽሬን በነጠላዬ እየጠረግኩ ሳለ «አስተማሪዋ! ጠፋሽብን እኮ፣ አልሐምዱሊላህ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሰዒድ ነበር፤ የሉባባ ባል።

ሉባባ የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ ለስንዱ እዚህ አገር እናትም እህትም ሆናታለች። የዩኒቨርሲቲው እንግዳ ማረፊያ ሙሉ ስለነበር እነሱ ዘንድ አረፍኩ፤ ራካ፣ በደማምና በኮባር መካከል። ስንዱ የምትሠራው ደማም፣ አል ሻጢእ የሚባል ሰፈር ነው፤ የምትወጣው ዓርብ ብቻ ስለሆነ እስከዚያ መጠበቅ ነበረብኝ። ሉባባ የራሷን አልጋ ለቃልኝ ከልጆቿ ጋር ወለል ላይ ተኛች። ብለምናት ብማጸናት እምቢ አለች። ጠርሙሷን ደግሞ ብርሃን ያስፈልጋታል ስላት፣ ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ያለውን የቅመም ዕቃ ሁሉ አንሥታ ቦታ ሰጠቻት።

ረቡዕ

ከራካ ኮባር መንገዱ በልብስ መተኮሻ የተተኮሰ ይመስላል። ጉብታ የለ፣ ጠመዝማዛ የለ፣ መሐል መንገድ ላይ የምትተኛ ላምም የለች። እንደኛ ባጃጅ ውስጥ ተጨናንቆ ከማያውቁት ሰው ጋር ወሬ መጀመርም የለም። ሰዒድን ሰው ሁሉ የት ሄደ ብለው «መኪና ውስጥ ነዋ» አለኝ።

ዶክተር ኑራ ዓባያዋ ላይ ነጭ ጋወን የደረበች፣ እየሮጠች የምትራመድ ሴት ናት። በእንግሊዝኛ ነው የምናወራው። የደረቀውን ንጥር በትናንሽ ክብ ወረቀቶች ላይ ጠብ አድርገን፣ ወረቀቶቹን ፈንገስ የተቀባ የላቦራቶሪ ሳህን ላይ ደረደርን። ንጥሩ ከሠራ በነጋታው በወረቀቱ ዙሪያ ፈንገስ ያልበቀለበት ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል፤ ካልሠራ ፈንገሱ እስከ ወረቀቱ ጫፍ ይሞላል። ሕይወት ያላትን ጠርሙስ ግን ወደ ውስጥ ማስገባት አልቻልንም፤ የደኅንነት ኮሚቴው ፊርማ የሚገኘው እሑድ ነው። «እስከዚያ ቤትሽ ትቆይልሽ» አለችኝ። እኔም ይዣት ተመለስኩ።

ምሳ ላይ ካብሳ የሚሉትን በዶሮ የተሠራ ሩዝ አስመጥታ ጠበቀችኝ። ረቡዕ መሆኑን የት ታውቃለች! ማንኪያውን ስይዝ ስለቅቅ አይታ ደነገጠች። ጾሜን ስነግራት በጥሞና ሰማችኝና ጥያቄ አበዛች፤ እንቁላልስ? ወተትስ? ስንት ቀን? ከዚያ አንዱን ተማሪ ልካ ፉልና እንደ ትሪ የሰፋ ትኩስ ዳቦ አስመጣችልኝ። ዶሮውን ለተማሪዎቿ ሰጥታ እሷም ከእኔ ጋር ፉል በላች።

ሐሙስ

ሳህኑን ስንከፍተው ቀለበቱ አለ! ጥርት ያለ፣ ሰፊ፣ በማስመሪያ የተሠራ የሚመስል። ኑራ ወደ መስኮቱ ይዛው ሄዳ አየችው፤ ተመልሳ አቀፈችኝ። አገሬ ሳየው የኖርኩትን ነገር ሌላ ሰው በሌላ አገር በራሱ ዓይን ሲያየው እንባዬ መጣ፤ አልደብቅም።

«አሁን ብዙ ያስፈልገናል» አለች ኑራ። «በዚህ ቁንጥር ንጥር ማሽኑ ብዙም አይነግረንም። እሑድ ጠርሙሷን አምጪያት፣ ብርሃን ክፍላችን ውስጥ በባልዲ ሙሉ እናሳድጋታለን።»

ማታ ሉባባና ሰዒድ ኮባር ባሕር ዳርቻ ወሰዱኝ። የጣና ልጅ ነኝና ውኃ አያስደንቀኝም ብዬ ነበር። ባሕሩ ግን ታንኳም ደሴትም የለውም፤ ዝም ብሎ ይሄዳል። ሰዒድ ያን ያህል ዓመት እዚህ ኖሮ እግሩን እንኳ ነክሮበት አያውቅም። በየመን በኩል በጀልባ ነው የመጣው፤ ባሕር በቃኝ አለ።

ዓርብ

ስንዱን ካየኋት ሰባት ዓመት ሆኖኛል። በየሳምንቱ በስልክ እናወራለን፤ ስልኩ ግን ፊቷን ብቻ ነው የሚያሳየኝ። በሩን ስከፍት «እትዬ!» ብላ ተጠመጠመችብኝ። ወፍራለች፣ አምሮባታል። ሁለታችንም አልቅሰን ስናበቃ ማን ይበልጥ እንዳረጀ መከራከር ጀመርን።

ሉባባ የጾም ምሳ ልትሠራልን ተነሥታ ነበር። «ድስቱ ራሱ አዲስ ነው፤ ወላሂ ቅቤ ነክቶት አያውቅም» አለች። የጁምዓ ሰላት ደርሶ ሱቆች ሳይዘጉ ቲማቲምና ቃሪያ ለመግዛት እኔና እሷ ወጣን፤ ስንዱን አንቺ ዕረፊ አልናት። ስለ ጠርሙሷ ሳልነግራት መውጣቴን መንገድ ላይ እንኳ አላስታወስኩም።

ስንመለስ ወጥ ቤቱ እንደ መስታወት ያበራል። ስንዱ በሰው ቤት እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አታውቅም። ምድጃው፣ ግድግዳው፣ የቧንቧው ጫፍ ሳይቀር ተፈግፍጓል። ጠርሙሴ ዕቃ ማድረቂያው ላይ ተደፍታለች፤ ከማሳመሯ የተነሣ አዲስ ትመስላለች።

«ውስጡ የነበረው የት አለ?» አልኳት።

«እሱማ ሻግቶ ነበር እኮ!» አለች እየሳቀች። «ሦስቴ በበረኪና አጠብኩት። አንገቱ አልለቅም ብሎኝ በጥርስ ቡሩሽ ነው ያስለቀቅኩት። ሉባባ፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ምግብ አጠገብ ታስቀምጫለሽ?»

ሉባባ የያዘችውን ፌስታል መሬት ላይ አስቀመጠች። እኔ ንዴት ሲመጣብኝ አፌ ከልቤ ይቀድማል፤ ይሄን የሚያውቁ ያውቁታል። «ሰባት ዓመት የሰው ዕቃ ስታጥቢ ዓይንሽም አብሮ ታጠበ? ምን እንደሆነ እንኳ አትጠይቂም?» አልኳት።

«አስተግፊሩላህ» አለች ሉባባ በዝግታ።

«ምን ነበር እትዬ?» አለች ስንዱ። ነገርኳት። የመጨረሻዋ መሆኗንም፣ ምንጩ መደፈኑንም፣ አራቱ ዓመትም ሳይቀር ነገርኳት። ዝም ብዬ ብተወው ይሻል ነበር።

«ሻጋታ የሚገድለውን ነዋ የገደልኩት» አለች። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። «የማዳም ትንሹ ልጅ የሚጠጣበት ጠርሙስ አንገቱ ላይ አንድ ጊዜ አረንጓዴ ተገኝቶበት ነበር። ልጁ ታሞ ሆስፒታል ተኛ። ከዚያ ወዲህ ማዳም እያንዳንዱን ጠርሙስ ወደ መብራት እያነሣች ነው የምታየው። አሁን አረንጓዴ ሳይ እጄ እኔን አይጠይቀኝም እትዬ።»

እንባዋን ልትጠርግ የጎማ ጓንቷን አወለቀች። የዚያን ጊዜ ጣቶቿን አየሁ። ሦስቱ ጥፍሮቿ ወፍረው፣ ቢጫ ሆነው፣ ከሥጋው ተላቀዋል። ይሄን በሽታ ለተማሪዎቼ በሥዕል አስተምረዋለሁ። ፈንገስ ነው፤ እጃቸው ከውኃ የማይወጣ ሰዎች በሽታ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለት ዓመት ሆነው።» እጆቿን ወደ ኋላዋ ደበቀች። «ስልክ ላይ እንዳታዪብኝ እጠነቀቅ ነበር።»

«ለምን?»

«አንቺ ዶክተር ልትሆኚ ነው። የእህትሽ እጅ እንዲህ መሆኑን ማን ቢያውቅ ይጠቅምሻል?»

እጇን ስቤ ያዝኩት። ቆይታ «ያ አረንጓዴው ለዚህ ይሆን ነበር?» አለችኝ። አዎ ብላት የበለጠ ትጎዳለች፤ እውነቱም አዎ አልነበረም። መድኃኒት ለመሆን ገና ስንት ዓመት ይቀረው ነበር፤ ምናልባትም ከነጭራሹ ላይሆን ይችላል። ይሄንኑ ነገርኳት።

የሉባባን ምሳ በላን፤ ጥሩ ምስር ነበር፣ ማንም ግን ደግሞ አልጎረሰም። የመግሪብ ሰላት ሳይደርስ የካፊሏ ሹፌር መጣ። ስንዱ ሦስቴ ስማኝ ወጣች። ዓይኔን ግን አላየችም።

ቅዳሜ

የስንዱ ስልክ አይነሣም። ሉባባ ቁርስ ላይ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና «አስተማሪዋ፣ እንግዳዬ ነሽና እስካሁን ዝም አልኩ» አለች። «ጠርሙስሽ ሞተ፣ አላህ ይተካልሽ። ልጅቷ ግን አልሞተችም። እትዬ መጣችልኝ ብላ ከማክሰኞ ጀምሮ እንቅልፍ አልነበራትም። ያልሽውን እኔ ብባል አልረሳውም።»

ራካ ካለ አንድ ፋርማሲ ሄድኩ። ግብፃዊው ፋርማሲስት የጥፍሩን ነገር ሰምቶ ወዲያው ገባው፤ ከእነ ማዳም ቤት የሚመጡ እንደ እሷ ያሉ ብዙ ያያል። የሚቀባውን ሰጠኝ፤ ክኒኑ ግን ጉበት ታይቶ በሐኪም የሚታዘዝ፣ ወራት የሚወሰድ ነው አለኝ። በአንድ ክሊኒክ ቀጠሮ አስያዝኩላትና ለማዳሟ የሚነገረውን ለሰዒድ አስጠንቼ መድኃኒቱን በእሱ ላክኩላት። ባሕር አቋርጬ የፈንገስ መድኃኒት ፍለጋ መጣሁ፤ ለእህቴ የሚሆናት ግን ከሉባባ ቤት ሁለት በር ዝቅ ብሎ ነበር።

እሑድ

ባዶ እጄን ላቦራቶሪ ስገባ ኑራ የተፈረመውን ወረቀት እያውለበለበች ተቀበለችኝ። የሆነውን ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «እህትሽ እንዴት ናት?» ብላ ነው። እሷ ራሷ ተማሪ ሳለች የመምህሯን ናሙና የያዘ ማቀዝቀዣ ነቅላ ስልኳን ቻርጅ አድርጋበት ያውቃል። «መምህሬ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። እኔ ብሆን ኖሮ እጮህ ነበር» አለችኝ። ጮኼያለሁ አልኳት።

የተረፈችውን ቁንጥር ንጥር በማሽኑ አሳለፍናት። ከወጡት መስመሮች አንዱ ከምናውቃቸው ኬሚካሎች ከአንዱም ጋር አልገጠመም። አዲስ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ለማረጋገጥ ንጥር ያስፈልጋል፣ ንጥሩ ደግሞ አልቋል። በሩ ተንኳኩቶ፣ ድምፅ ተሰምቶ፣ ሳይከፈት ቀረ ማለት ነው።

ሰኞ

ጠዋት ሰዒድ ሳይደውል ላቦራቶሪው በር ድረስ መጣ። በእጁ የሕፃን ምግብ የነበረባት ትንሽ ብርጭቆ ይዟል፤ ክዳኗ በመርፌ ተበሳስቷል፣ ውስጡ አረንጓዴ ነው። «ከስንዱ ነው፤ ስልክሽ ላይ ድምፅ ልካለች» አለኝ።

ድምፁን ከፈትኩት። «እትዬ፣ ከግቢው ኋላ የኤሲው ውኃ የሚንጠባጠብበት ግድግዳ አለ። እዚያ ላይ የሚወጣውን አረንጓዴ በየቅዳሜው በበረኪና የማጥበው እኔ ነኝ። የአሁኑን ቅዳሜ አላጠብኩትም። በማንኪያ ፍቄ አስቀመጥኩልሽ። ማንኪያው በረኪና አልነካውም፣ በፈላ ውኃ ብቻ ነው ያጠብኩት። ማዳም ይሄ ምንድነው ስትለኝ የእህቴ ደዋ፣ መድኃኒቷ ነው አልኳት፤ ኸላስ፣ በቃ ተወችኝ። ያንን የመሰለ እንደማይሆን አውቃለሁ። ግን እሱም አረንጓዴ ነው።»

ኑራ ምን እንደተባለ ጠየቀችኝ። ቃል በቃል ተረጎምኩላት።

ጠብታዋን ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀመጥናት። እንደ ጨሌ የተሰካኩ ሰማያዊ-አረንጓዴ ክሮች ታዩ። ስንዱ ማንም ሳያስተምራት ትክክለኛውን ዘር ነው ያመጣችው። የእኔዋ አይደለችም፣ ዘመዷ ግን ናት። ኑራ ወዲያው መዝገቢያ ቅጽ አወጣች። ቦታ፦ ደማም፣ አል ሻጢእ፣ ከአየር ማቀዝቀዣ ሥር ያለ ግድግዳ። ቀጥሎ «ሰብሳቢ» የሚል ነበር። ከልማድ የራሴን ስም መጻፍ ጀመርኩ፤ ኑራ እስክሪብቶዬን ያዘችው። «የሰበሰብሽው አንቺ አይደለሽም» አለች።

ሰረዝኩትና የስንዱን ስም ከአባታችንና ከአያታችን ስም ጋር ጻፍኩ። እዚህ አገር የእህቴ ስም ኢቃማዋ፣ መኖሪያ ፈቃዷ ላይ አለ፤ እሱም ከካፊሏ ስም ጋር ነው። ያለ ካፊል ብቻውን የተጻፈበት ሌላ ወረቀት መኖሩን አላውቅም።

ማክሰኞ

ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ስንሄድ ሰዒድ መንገዱን አርዝሞ በአል ሻጢእ በኩል አዞረልኝ። ስንዱ ትንሹን ልጅ ታቅፋ በር ላይ ወጣች። ማዳሟ ከኋላዋ ብቅ ብላ አምስት ጣቷን አሳየችኝ፤ አምስት ደቂቃ ማለቷ ነው። ከዚያ ልጁን ተቀበለቻትና «ስንዱ ዘይና» ብላኝ ገባች። ጎበዝ ናት ማለቷ ነው።

«ዓርብ ያልኩሽ ነገር» ብዬ ጀመርኩ።

«ተይው እትዬ።»

«አልተወውም። ስድብ ነበር። የእኔ ጥፋት ነው፤ ሳልነግርሽ የወጣሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ታላቅ ለታናሽ እንዲህ ሲል ቤታችን አልተለመደም። ስንዱ አፍራ መሬት መሬት አየች፤ ቀጥሎ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ቀና አደረግኳት። የላኩላትን መድኃኒት ሦስቱም ጥፍሮቿ ላይ ተቀብታለች። እንደ ጥፍር ቀለም ያብለጨልጫል። «ማዳም የት ልትሞሸሪ ነው አለችኝ» ብላ ሳቀች። አምስቱ ደቂቃ አስር ሆነ፤ ማንም አልጠራትም።

ይሄው ነው ጉዞዬ። ባለፈው ሳምንት የኑራ መልእክት ደረሰኝ። የግድግዳዋን አልጌ አሳድጋ፣ አድርቃ፣ በፈንገሱ ላይ ሞክራታለች። ቀለበት የለም፤ ፈንገሱ እስከ ወረቀቱ ጫፍ ሞልቷል። እኔም አዲስ ምንጭ ፍለጋ ተማሪዎቼን ይዤ ገጠር ለገጠር መዞር ጀምሬያለሁ፤ እስካሁን የእኔዋን የመሰለች አላገኘሁም።

ዓርብ ዕለት ለስንዱ ደወልኩ። መጀመሪያ እጇን ወደ ስልኩ አስጠግታ አሳየችኝ። ክኒኑን ከጀመረች ወዲህ ከሥር ንጹሕ ጥፍር እየወጣ ነው። ከዚያ «የእኔዋስ እንዴት ሆነች?» አለችኝ።

«ፈንገሱን አልገደለችውም» አልኳት።

«ትንሽም?»

«ትንሽም።»

«ታዲያ አጠቧት?»

«አላጠቧትም። ማቀዝቀዣ ውስጥ ናት፣ ስምሽ ተጽፎባት።»

«ሙሉ ስሜ?»

«ከነአያታችን» አልኳት።